«ለአንቺ ብለን ነው»

እኩዮቼ ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ለወጣቶች አይደለም። ወጣቱን የሚመክርም የሚወቅስም ሞልቷል። ይህ ለእናንተ ነው፤ ከእኔ ጋር ላረጃችሁ፣ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ፣ ሲጋባ ለመመረቅ፣ ሲሞት ለመቅበር ለምትጠሩ፣ በእድር ስብሰባ የፊት ወንበር ለሚለቀቅላችሁ። ወጣት ሲያጠፋ የሚቆጣው አባት አለው፣ የሚዳኘው ሕግ አለው። ሽማግሌ ሲያጠፋ ግን ጥፋቱን ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀበለዋል፤ ውሎ ሲያድርም «የአባቶች ሥርዓት ነው» ይባልለታል። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው። ዕድሜዬ 78 ነው። ከእንግዲህ ለነገ የማሳድረው ቃል የለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በ2013 ዓ.ም.፣ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከሰፈራችን አንዲት ሴት ለምክር ቤት ልትወዳደር ተመዘገበች። ስሟን አልጠራም። የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ከሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ በእሷ እጅ አልፈዋል። እናቷን የቀበርነው እኛ ነን። ስትዳርም ሽማግሌ ሆነው ከተላኩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ፓርቲ አልነበራትም፤ በግሏ ነው የቆመችው።

ከእሷ በፊት በነበረው ወር ሁለት ወንዶች ተወዳዳሪዎች እድራችን መጥተው ነበር። ታስታውሳላችሁ። ስለ ውሃ ጠየቅናቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚመጣው ውሃ። ስለ ኮብልስቶኑ፣ ከጤና ጣቢያ ስለሚጠፋው መድኃኒት፣ ወንዝ ዳር ስለተከመረው ቆሻሻ ጠየቅናቸው። አንደኛው ሚስት ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አላውቅም። የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እሷ የመጣችው በሚቀጥለው ወር፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አዳራሹ ውስጥ 60 ያህል ወንዶች ተቀምጠናል። ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ጓሮ ሆነው የእድሩን ሳህንና ድስት ይቆጥራሉ። ለአራት የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። «አባቶቼ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» አለች። ሰጠናት። ወረቀቱን ልትዘረጋ ስትል ከፊት ወንበር ጥያቄ ተነሣ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ባለቤትሽ ፈቅዶልሻል?»

«አዎ አባቴ፤ ተመካክረናል።»

«ልጆቹስ? ማን ሊይዛቸው ነው?»

መለሰች። «ስብሰባው እስከ ማታ ነው ይላሉ፤ በጨለማ ማን ነው የሚያመጣሽ?» መለሰች። አራተኛው ጠያቂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ንገሪን፣ እዚህ ነገር ውስጥ ማን አስገባሽ?» አላት። «ማን አስገባሽ» ምን ማለት እንደሆነ እኛም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ «ስለ ውሃው ልናገር?» አለች። ያን ጊዜ የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ። ሰዓቴን አየሁ። አሥሩ ደቂቃ አልቋል፤ የድንኳኑ ማሳደሻ ገንዘብ ጉዳይ ይጠብቀናል። እንዲህ አልኳት፦ «ልጄ፣ እስቲ አስቢበት። ለአንቺ ብለን ነው።»

ወረቀቱን ሳትዘረጋው ወጣች።

ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። «ለአንቺ ብለን ነው» ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ ይገኝለት ነበር። ተሳዳቢን ሰው ይከሰዋል፣ አፉን ያስይዘዋል፣ ቢያንስ ይርቀዋል። ይህ ግን ከአባት አፍ የሚወጣ ነው። ድምፁን አለስልሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚናገራትን ሽማግሌ ምን ብላ ትመልስለት? ብትከራከር «አሳዳጊ የበደላት» ትባላለች። ዝም ብትል ምክሩን ተቀበለች ተብሎ በሩ ይዘጋባታል። እኛ ደግሞ መልካም እንደሠራ ሰው ተመራርቀን ወደየቤታችን እንገባለን። ያን እሁድ እኔ ምሳዬን በደንብ በልቻለሁ። እንቅልፍም ወስዶኛል።

ሳምንት ሳይሞላ ፎቶዋን አየሁት። መንገዱ ጠርዝ ላይ ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ የተለጠፈ ነው። ሁለት ዓይኖቿ በሚስማር ተበስተዋል፤ አፏ ላይ በከሰል አንድ ቃል ተጽፏል። ቃሉን እዚህ አልደግመውም፤ ያገባችውንም ያላገባችውንም እኩል የሚያዋርድ፣ ሁላችሁም የምታውቁት ቃል ነው። ከጎኑ የተለጠፉት የወንዶቹ ፎቶዎች ምንም አልነካቸውም። ኪዳን ለማድረስ እየሄድኩ ነበር። ቆሜ አየሁና አለፍኩ። ስመለስ ጥጉ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት በእርጥብ ጨርቅ ከሰሉን ስትጠርግ አገኘኋት። ጨርቁ ጠቁሯል። ወረቀቱ እንዳይቀደድባት በአንድ እጇ ጠርዙን ይዛ፣ በሌላው ቀስ እያለች ነበር የምትጠርገው። «እግዜር ይስጥሽ» እንኳ ሳልላት ቤቴ ገባሁ።

ያን ቃል የጻፈውን ልጅ አላውቀውም። ቃሉን ከየት እንዳገኘው ግን አውቃለሁ። «ማን አስገባሽ?» ያልነው እኛ ነን። እኛ በጥያቄ የተውነውን እሱ መልስ አድርጎ ጻፈው። ዛሬ ይኸው ልጅ ከሰል አያስፈልገውም፤ ስልክ ይዟል። በፌስቡክና በቴሌግራም የሴት ተወዳዳሪን ፎቶ አውጥቶ ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ዳሌዋ፣ ከማን ጋር ስለ ማደሯ ሲጽፍ በአንድ ጀንበር ሺዎች ያነቡለታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ከብሔርና ከሃይማኖት ጋር ጾታንም ዘርዝሮ አስገብቷል። ሕጉ አለ። ግን ሕግ ምስክር ይፈልጋል፤ በሰፈር ደረጃ ምስክር ማለት እኔና እናንተ ነን። እኛ ደግሞ አይተን የምናልፍ ሆነናል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይከፋል። ባሏን በሥራ ቦታው «እቤት ሱሪውን የታጠቀው ማን ነው?» እያሉ ያሾፉበት ጀመር። ወንድሙ ተናደደና ሽማግሌ ሰበሰበ። አራት ሆነን አንድ ምሽት ቤቷ ሄድን። ከሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ ቢሆንም ጉልበታችንን ስማ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና አፈላችልን። ከአቦሉ እስከ በረካ ስንመክራት አመሸን። «ትዳርሽን አስቢ» አልናት። «የባልሽን ስም አስቢ። ልጆችሽ ነገ ምን ይባላሉ?» ባልየው አንገቱን እንደደፋ ነው። እሱን «ሚስትህን አግዛት» ያለው አልነበረም። ያሾፉበትን ሰዎች ጠርተን እንገሥጻቸው ያለም አልነበረም። ስንት ዓመት ሸምግለናል፤ በዳይን ሳንጠራ ተበዳይን ብቻ አስቀምጠን የመከርነው ያን ምሽት ብቻ ይመስላችኋል? እኔ ወደኋላ ተመልሼ ስቆጥር ብዙ ሆኖብኛል።

ፈንድሻውን ያመጣችልን ሴት ልጇ ናት። ያን ጊዜ 12 ዓመት ቢሆናት ነው። ካቀረበችልን በኋላ አልሄደችም፤ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማለች። ከመጋረጃው ሥር እግሯ ይታየኝ ነበር፤ ነጭ ካልሲ አድርጋለች። እስክንወጣ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀችም።

በሦስተኛው ቀን መምህርቷ ቅስቀሳዋን አቆመች። ሰኔ 14 ቀን ተሰልፌ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ስቀበል ስሟ ከነምልክቷ እዚያው ነበር።

እንግዲህ የሚሉትን አውቃለሁ። «የአባቶቻችን ወግ ነው» የምትሉ አላችሁ። እስቲ የአባቶቻችንን ወግ በደንብ እንየው። በዓድዋ በዓል የእቴጌ ጣይቱን ስም ስንጠራ ድምፃችን ይሞላል። መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ከውሃው ምንጭ የለየው ምክር የእሳቸው መሆኑን ለልጅ ልጆቻችን እንተርካለን። እሌኒን፣ ምንትዋብን እንደረድራለን። ምኒልክ ታመው የመንግሥቱ ነገር በጣይቱ እጅ ሲገባ መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን እንዳገለሏቸው፣ የታመመ ባላቸውን ከማስታመም ሌላ ሥራ እንዳይኖራቸው እንዳደረጉ ግን አንተርክም። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ የዘመድ ሹመት ጣጣም ነበረበት፤ ይህን አልክድም። ሆኖም የዘመድ ሹመት ያልሰጠው መኳንንት ማን ነበር?

ከሁሉ ይልቅ ግን የንግሥት ዘውዲቱ ነገር ነው የሚያሳዝነኝ። በ1909 ዓ.ም. ዙፋኑ ሲሰጣቸው ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለያዩ ተደረገ። ባል በሚስቱ በኩል አገር እንዳይገዛ ተፈርቶ ነው። ራስ ጉግሣ ወደ በጌምድር ግዛት ሄዱ፤ መጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ሚስትህን ፍታና ንገሥ የተባለ ወንድ በታሪካችን አላነበብኩም። ያን ጊዜ ሴት ለመንገሥ ባል አይኑራት ተባለ፤ ዛሬ ሴት ለመመረጥ ባል ይፍቀድላት እንላለን። ነገሩ የተገላበጠ ይመስላል እንጂ አንድ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ሴቲቱን የመዘንናት በራሷ ሳይሆን በባሏ ነው።

የስንዱ ገብሩ ጊዜ ትዝ ይለኛል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴትም ለወንድም የመምረጥ መብት ሰጠ። ከዚያም የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በኋላም የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያወራ፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ስንዱ ገብሩ ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በወረራው ዘመን ከአርበኞች ጋር የነበሩ፣ ጣሊያን አስሮ አዚናራ ደሴት የወሰዳቸው፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ነበሩ። ቤታችን የተሰበሰቡት ወንዶች ግማሾቹ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም ነበር። ሆኖም ተረቱ ለእነሱ ተረትቶላቸዋል። እኔም በአሥር ዓመቴ ተማርኩት።

ስንዱ ገብሩ ፓርላማ በገቡ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ለትእዛዙ መገዛት እንዳለባት ይደነግግ ነበር። አስቡት፤ የምክር ቤት አባል ሆና ለአገር ሕግ የምታወጣው ሴት ማታ ቤቷ ስትገባ በሕግ የባሏ ታዛዥ ናት። ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። 40 ዓመት። የእኛ ትዳሮች የተመሠረቱት በእነዚያ 40 ዓመታት ውስጥ ነው፤ ሕጉ ከተሻረ በኋላም በእኛ አፍ እየኖረ ነው። «ባለቤትሽ ፈቅዶልሻል?» ብሎ የጠየቃት ወዳጄ ቁጥር 635ን አንብቦት አያውቅም። ግን እሱን ነው ያነበበላት።

«ኧረ አሁንማ ሞልተዋል፤ ምን ጎደላቸው?» የምትሉም አላችሁ። ቁጥሩን እኔም አውቀዋለሁ። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሴቶቹ 42 ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 212 ደረሱ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሚኒስትሮቹ ግማሹ ሴቶች ሆኑ፤ በዚያው ወር ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ተባሉ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን በ2007ቱ ምርጫ ወንበሩን በሙሉ የያዙት ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ መሆናቸውን አትርሱ። ትልቅ ፓርቲ በዝርዝሩ ያስገባት ሴት እኛ ፊት ቆማ መለመን አያስፈልጋትም፤ ዝርዝሩ ያሳልፋታል። በራሷ እግር የቆመችው ግን በእኛ በር ማለፍ አለባት። የእኛ ልብ መለወጡ የሚታወቀው በዚያ በር ላይ ነው እንጂ ከላይ በወረደ ሹመት አይደለም።

በዚያ በር ምን እንደምንል ልንገራችሁ? ስትለሳለስ «አልቃሻ ናት፣ አገር አትመራም» እንላለን። ስትጠነክር «ወንዳወንድ»። ካላገባች «ማን ይፈልጋታል»፣ ከፈታች «ቤቷን ያልያዘች አገር ልትይዝ»፣ ካገባች «ባሏን ትታ ዞረች»። ካልተማረች መሃይም ናት፤ ከተማረች የጠገበች። እኔ ራሴ ከእነዚህ ያላልኩት የለም።

ብርቱካን ሚደቅሳ የታሰረችበትን ጊዜ አስታውሱ። ዳኛ ነበረች። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስራ በ1999 ዓ.ም. ተፈታች። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የአንድነት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሳለች ዳግመኛ ታሰረች፤ የወጣችው በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። ትንሽ ልጅ ነበረቻት። በየቤቱ፣ በየለቅሶው ድንኳን ስንት ጊዜ ሰማን፦ «ልጇን ጥላ ምን አገባት?» ከእሷ ጋር ታስረው የነበሩት ወንዶች አባቶች አልነበሩም? ስለ ወንዶቹ «ለአገሩ ሲል ልጆቹን ሠዋ» እያልን እናለቅስ ነበር። አንዱ ሥራ ለአባት መሥዋዕትነት፣ ለእናት ጭካኔ የሆነበትን ሚዛን ያበጀነው እኛው ነን። እሷ ግን ተመልሳ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። ያን እሁድ መምህርቷን ከአዳራሹ ስናስወጣት የምንዘጋጅለትን ምርጫ የምትመራው ሴት ነበረች።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤታችንንም ይዞታል። ኬንያ ውስጥ ዋንጋሪ ማታይ የምትባል ምሁር ነበረች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ትልቅ ፎቅ ሊያቆም ሲነሣ የሕዝቡ መናፈሻ አይነካም አለች። የፓርላማ አባላቱ ስለ መናፈሻው ሳይሆን ስለ ትዳሯ ተናገሩ፤ እሷንና ድርጅቷን የፈቶች ስብስብ አሏቸው። ፕሬዚዳንቱም በአፍሪካ ባህል ሴት ወንድን ታክብር፣ ዝም ትበል አሉ። ፎቁ ግን ሳይሠራ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የትውልድ አካባቢዋ ሰዎች ከመቶ 98 በሆነ ድምፅ ለፓርላማ መረጧት፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። የእሷ አገር ሰዎች ቢዘገዩም መናፈሻውን ከትዳሯ ለይተው አዩት።

ከእናንተ ውስጥ መጽሐፍ የሚጠቅሱ አሉ። ሐዋርያው ስለ ሴት ዝምታ የተናገረውን ቃል በቃል ትሉታላችሁ። እኔም ድቁና ነበረኝና መጽሐፉን እንክፈተው። መጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ ዲቦራ አለች። ነቢይት ናት፣ ባለትዳር ናት፤ በዘንባባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ እስራኤልን ትዳኝ ነበር። የጦሩ አለቃ ባርቅ እሷ ካልመጣች አልዘምትም አላት። ባለቤትሽ ፈቅዶልሻል ያላት ሰው በመጽሐፉ አልተጻፈም። ሐጂ ወዳጄም በእድራችን አለ፤ እሱም ከእምነቱ በኩል ብዙ ነግሮኛል፤ የእሱን ለእሱ ልተውለት፣ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋልና።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያዬ ልምጣ። የምፈራው ሴቶች ምክር ቤት እንዳይገቡ አይደለም፤ እነሱስ እኛ ወደድንም ጠላንም ይገባሉ። የምፈራው ለእኛ ነው። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ የመምህርቷ ልጅ በክፍሏ ተማሪዎች ተመርጣ ለተማሪዎች ምክር ቤት እንድትወዳደር ቢነግራት እምቢ አለች አለኝ። ለምን ብሎ ጠየቃት። «ሽማግሌ ይመጣብኛል» አለችው።

ሽማግሌ ይመጣብኛል። በእኛ ጊዜ ልጅ ጅብ ይመጣብኛል ብሎ ነበር የሚፈራው። ለማስታረቅ የተሾምን ሰዎች፣ ስንገባ ቤት የሚሰበሰብልን፣ ጉልበታችን የሚሳመው፣ ለአንዲት ብላቴና ማስፈራሪያ ሆንን። መጋረጃው ሥር የነበረው ነጭ ካልሲ ዓይኔ ላይ መጣ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።

ወንድሞቼ፣ የሽምግልና ሥልጣን በደብዳቤ አልተሰጠንም። ሰው ስለሚሰማን ብቻ ነው ያለን። ሴቶቹ ልጆቻችን መስማት ካቆሙ ነገ ማን ቤት ገብተን እንሸመግላለን? ባል ሚስቱን ሲደበድብ፣ ወራሽ እህቱን ሲያገል፣ አሁን ተጠርተን እንሄዳለን። እነሱ የማይጠሩን ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስቡ። በተረፈ ደግሞ ስድብ ሁልጊዜ ስድብ ሆኖ አይቀርም። በሚስማር ዓይኗን የበሳው እጅ በወረቀት ላይ ይቆማል ብሎ የሚያስረግጥልኝ ከእናንተ ማን ነው? እኔ አላስረግጥም። ዝም ብለን ያሳለፍነው ነገር ደም ሆኖ ከተመለሰ በመጀመሪያ የሚጠየቀው አይቶ ያለፈው ነው። ይህን በእርጅናዬ እላችኋለሁ፤ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ሌላ ምርጫ ይመጣል። ሌላ ሴት ወረቀት ይዛ ትቆማለች። ወንዱን ያልጠየቃችሁትን እሷን አትጠይቋት። ባሏን ካሾፉበት ያሾፉትን ጥሩልኝ፤ እኔም ከዘራዬን ይዤ እመጣለሁ። ፎቶዋ ላይ ከሰል ካያችሁ ጨርቅ ከቆሎ ሻጯ አትጠብቁ። «ማን አስገባሽ» የሚል ሰው ከመካከላችን ከተነሣ፣ የእድሩ ዳኛ ማንም ይሁን ማን፣ ያን ሰው ያስቀምጠው። እኔ ያን እሁድ ዳኛ ነበርኩ፤ ማስቀመጥ እችል ነበር፤ አላስቀመጥኩም። ድንኳኑ አሁንም ያፈስሳል።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ሽማግሌ ሰብስቤ አልሄድኩም። እንደ ልማዷ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። «አባባ፣ እኔስ ይቅር ብያለሁ። ልጄን ግን እርስዎ ራስዎ ይጠይቋት» አለችኝ። ልጅቷ ጓዳ ነበረች። ስትጠራት አልወጣችም። አልፈረድኩባትም። ነገም እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያም።

ልወጣ ስል እናቲቱ ከመጻሕፍቷ መካከል ለአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። እጥፋቱ ላይ መበጣጠስ ጀምሯል። ቤቴ ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ዘረጋሁት። ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ስለ ውሃው ነው። ቤት ለቤት ዞራ፣ የትኛው ቤት በየትኛው ሌሊት ውሃ እንደሚያገኝ፣ ማን ቀድቶ እንደሚያጠራቅም፣ የማን ቧንቧ እንደማይደርስ በረድፍ ጽፋዋለች። የእኔም ቤት አለበት። ከቤት ቁጥሬ ጎን በትንንሽ ፊደል፣ «ባልና ሚስት፣ ሁለቱም አረጋውያን፤ ሌሊት ጀሪካን የሚያነሣላቸው የለም» ይላል።